የንግድ ቤት ቁልፍና የደቂቃ ዋጋ

ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው ስለ ቦታው፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ዕቃው አመጣጥና ስለ ደንበኛው ጠባይ ብዙ ቀን ሲመክርና ሲያስመክር ይሰነብትና፣ በመጨረሻ ያን ሁሉ ሀብት ሌሊት ሌሊት የሚጠብቅለትን ጓጉንቸር ግን ተላላኪ ልኮ፣ ከቅርቡ መደብር፣ ዋጋው ረከስ ካለው መደርደሪያ ላይ አስነሥቶ ያስመጣል። ይህ ልማድ ከቸልተኝነት ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ ለመካሪ እንጂ ለኢኮኖሚ ጸሐፊ ጉዳይ ባልሆነም ነበር፤ ነገር ግን ከበስተኋላው የገበያና የጥቅም ምክንያት ስላለው፣ የዚህ ሳምንት ሐተታችን ስለ ንግድ ቤት በርና ስለ ቁልፉ እንዲሆን ወደናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁልፍ ሻጭ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ መለየት ያሻል። እንግሊዛዊው ጥበበኛ ጆሴፍ ብራማ፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1784 ለሠራው ቁልፍ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፣ በ1790 ከቁልፎቹ አንዱን ለንደን ፒካዲሊ በሚገኘው መደብሩ መስኮት አኑሮ፣ ይህን የሚከፍት መሣሪያ ለሚሠራ ሰው 200 ጊኒ እሰጣለሁ የሚል ጽሕፈት አሳየበት፤ ቁልፉም ባለቤቱ ካረፈ በኋላ እንኳ ሳይደፈር፣ በጠቅላላው ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። በ1851 ግን ለለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ከአሜሪካ የመጣ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል የቁልፍ ነጋዴ፣ አስቀድሞ እንግሊዞች ይመኩበት የነበረውን፣ ቸብ የተባለው ቁልፍ ሠሪ ቤት የሠራውን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከከፈተ በኋላ ወደ ብራማው ተሻገረና፣ በ16 ቀን ውስጥ እየተመላለሰ 51 ሰዓት ያህል ደክሞበት ይህንም ፈታው፤ 200ውንም ጊኒ ተቀበለ። የለንደን ሰው በጊዜው ነገሩን እንደ ሀገር ውርደት ቈጥሮት ነበር። በነጋዴ ዐይን ለሚመለከተው ግን፣ ሌሊቱ 12 ሰዓት ብቻ የሆነበት፣ መብራት አብርቶ ሊሠራ የማይችል፣ ኮቴ በሰማ ቍጥር የሚበረግግ ሰርሳሪ 51 ሰዓት ከወዴት ያገኛል? ያ ቁልፍ በሊቃውንት ፊት ተረታ እንጂ በገበያ ፊት አልተረታም፤ ለገዢው የሸጠለት ጊዜ ነበርና፣ ጊዜውንም በምልዐት ሰጥቶታል።

ይህንኑ አሳብ አውሮጳውያን ዛሬ በሚሠሩበት ደረጃ ላይ አስፍረውታል። ኢኤን 1627 የተባለው የበርና የመስኮት ደረጃ 6 ክፍሎች ሲኖሩት፣ ዋነኛ መለኪያው የብረቱ ውፍረት ሳይሆን መሣሪያ የያዘ ፈታኝ ሲታገለው በሩ ሳይበገር የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ 2ኛው ክፍል 3 ደቂቃ፣ 3ኛው 5 ደቂቃ፣ 4ኛው 10 ደቂቃ ሊቋቋም ይገባዋል። የሚፈተነውም ቁልፉ ተነጥሎ ሳይሆን በሩ ከመቃኑ፣ ከማጠፊያውና ከቁልፉ ጋር በአንድነት ተገጥሞ ነው። 10 ደቂቃ ምን ታደርጋለች የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ በቁልፉ ዘንድ የሚገኝ አይደለም፤ ደቂቃ ዋጋ የሚኖራት በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሰምቶ የሚነሣ ዘበኛ፣ መብራት የሚያበራ ጎረቤት፣ ወይም ተጠርቶ የሚደርስ ፖሊስ ሲኖር ብቻ ነውና።

ለምሳሌ ያህል 2 ሚሊዮን ብር ዕቃ ያለውን ሱቅ እናስብ፤ በዓመት ውስጥ የመዘረፉ ዕድል ከ100 አንድ ነው ብንል፣ ባለቤቱ በየዓመቱ በአሳብ የሚሸከመው ኪሣራ 20,000 ብር ይሆናል። በ30,000 ብር የተሻሻለ በርና ቁልፍ ይህን ዕድል በግማሽ ቢቀንሰው በዓመት 10,000 ብር አተረፈ ማለት ነው፤ ሥራው 10 ዓመት የሚያገለግል ቢሆን ወጪው በዓመት 3,000 ብር ብቻ ስለሚደርስ፣ ይህን ያህል ትርፍ የሚያስገኝ ሌላ ንግድ በቀላሉ አይገኝም። ዳሩ ግን ዘበኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ የሚተኛ፣ መንገዱም ጨለማ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያው 30,000 ብር ሌባውን ጥቂት ከማድከም በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ቁልፍና ዘበኛ አንዱ በሌላው ፈንታ የሚገቡ ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ዋጋ የሚያበዙ ስለ ሆኑ፣ ጠንካራ ቁልፍ አስገባሁ ብሎ የዘበኛውን ደመወዝ የሚቀንስ ባለሱቅ ሒሳቡን አፋልሶታል።

ማታ መርካቶ ሱቆች ሲዘጉ ቆሞ የተመለከተ ሰው ከላይ እስከ ታች ሁለት ሦስት ጓጉንቸር የተደረደረበትን የብረት በር አይቶ ምሽግ ሊመስለው ይችላል። ቀረብ ብሎ ቢያይ ግን፣ የበሩ አጥንት ቱቦላሬ ሆኖ ሳለ ጓጉንቸሩ የሚገባበት ቀለበት የተበየደው በስሱ ላሜራ ላይ፣ ያውም በሁለት ነጥብ ብየዳ የሆነበት በር ያጋጥመዋል። እንዲህ ያለውን በር የሚሰብር ሌባ ጓጉንቸሩን ጨርሶ አይነካውም፤ የዲጂኖውን ጫፍ ከቀለበቱ ሥር አስገብቶ አንድ ጊዜ ሲጫነው፣ ሦስት ሺሕ ብር የወጣበት ጓጉንቸር እንደ ተቈለፈ ከነቀለበቱ መሬት ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለቁልፍ ሻጩ ሳይሆን ለበያጁ ሊከፈል ይገባዋል፤ ቀለበቱ በቱቦላሬው ላይ ዙሪያውን ይበየድ፣ ማጠፊያው በውጭ በኩል የሚታይ እንደ ሆነም የማጠፊያው ዘንግ ተመትቶ እንዳይወጣ ጫፉ በብየዳ ይታሰር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ከጎረቤት የሚለየውም ግድግዳ ችፑድ ለሆነበት ሱቅ ደግሞ ስለ ቁልፍ መምከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሌባው በበር የመግባት ስእለት የለበትም።

በሩ ከተስተካከለ በኋላ ስለ ጓጉንቸሩ ሊታይ የሚገባው ከሁሉ በፊት ቀስቱ ነው። ቀስቱ እሳት ያጠነከረው ብረት ሆኖ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ በእጅ የሚያዝ የብረት መቀስ በብርቱ ይቸገርበታል፤ ትከሻው ወደ ላይ ተዘርግቶ ቀስቱን የሸሸገለት ዓይነት ከሆነ ደግሞ መቀሱ የሚነክስበት ስፍራ አያገኝም። በውስጡ ቀስቱን የሚይዘው ምላስ በስፕሪንግ ብቻ የሚገፋ ከሆነ ከቆርቆሮ በተቈረጠች ስስ ጥፍር ሊታለል ስለሚችል፣ በቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚለቀውን መምረጥ ይበጃል። የመስተዋትና የአሉሚንየም በር ያላቸው የሕንፃ ሱቆች የሚገጥሙት ሲሊንደር ሌላ ድካም አለበት፤ ወገቡ ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ስላለ ከዚያው ላይ ይሳሳል፣ ጫፉም ከበሩ ገጽ ወጣ ብሎ ከተገጠመ በፒንሳ ተይዞ በደቂቃ ውስጥ ለሁለት ይሰበራል። ከበሩ ሽፋን 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል እንኳ ባያልፍ፣ ዙሪያውንም ጠንካራ ሽፋን ቢኖረው፣ ይህ መንገድ በእጅጉ ይጠባል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ልክ ያለው ሲሊንደር መግዛት ብቻ ሲሆን፣ ገጣሚው ባለሙያ በእጁ ያለውን ረጅሙን አስገብቶ ሲሄድ የሚቈጣው ባለቤት ጥቂት ነው።

ታዲያ ደካማው ቁልፍ ይህን ያህል የሚሸጠው ስለ ምንድር ነው? አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ኋላም በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ባገኘበት ምርምር፣ ገዢው ደኅናውን ከመጥፎው ለይቶ ማወቅ በማይችልበት ገበያ ለማናቸውም ዕቃ መካከለኛ ዋጋ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ደኅናውን የያዘው ሻጭ እየሸሸ መጥፎው ብቻውን እንደሚቀር አስረድቷል። ጓጉንቸር ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ ውስጡ አይታይም፣ ላዩ ሁሉ ያብለጨልጫል፣ የታወቁት ፋብሪካዎች ስም በሐሰት ተቀርጾበት መምጣቱም የተለመደ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀውም ሱቁ በተሰበረ ማግስት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲደረግ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በማለፉ፣ ከውጭ የሚመጣው ደኅና ቁልፍ ከርካሹ ያለው የብር ርቀት ሰፋ፤ የመምረጡም ፈተና ከዚያው ጋር ከበደ። ገዢው ያለ ላቦራቶሪ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ፈተናዎች ግን አሉ፤ ነሐስ ነው የተባለውን ማግኔት ከሳበው ነሐሱ ቀለም ብቻ ነው፤ ከአንድ ካርቶን የወጡትን ጓጉንቸሮች ቁልፍ እያለዋወጡ ሲሞክሩ አንዱ የሌላውን ከከፈተ ደግሞ ካርቶኑን መልሶ መሄድ ነው።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ ነጋዴ የሚጐዳው በቁልፍ አያያዝ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን፣ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን ለየኀላፊው ተከፋፍሎ፣ ሁሉም ሳይገኙ ሣጥኑ እንዳይከፈት የሚያደርግ ሥርዐት በብዙ አድባራት የቆየ ነው፤ ባንኮችም ካዝናቸውን ሁለት ሰዎች ካልተገናኙ አይከፍቱትም። ይህ ጥበብ ሰውን ሁሉ ሌባ ከማሰብ የመጣ ሳይሆን፣ ታማኙን ሰው ከሐሜት ለመጠበቅ የታሰበ ነው። በአንጻሩ ሱቃችን ውስጥ ከሥራ የወጣ ልጅ ቁልፉን መመለሱ እንጂ በመንገድ ላይ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ስንት ማስቀረጹ አይጠየቅም። የስርቆት መድን ውል ብዙውን ጊዜ በኀይል ተሰብሮ የተገባበት ምልክት እንዲታይ ስለሚሻ፣ በተቀረጸ ቁልፍ በሰላም ተከፍቶ በሰላም የተዘጋ ሱቅ ባለቤቱን ከዕቃውም ከካሣውም ሊያወጣው ይችላል። ያለ ፈቃድ ካርድ የማይቀረጽ ቁልፍ ያለው ሲሊንደር ዋጋው የሚወደደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለብቻው የሚቀመጥ መጋዘን ላለው ሰው ግን የሚገባ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁልፍ ከሌባ ላይ ደቂቃ እንደሚወስድ ሁሉ፣ በእሳት ጊዜ በውስጥ ካሉት ሰዎች ላይም ይወስዳል። በማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ ቃጠሎ 146 ሰዎች፣ የሚበዙት ወጣት ሴቶች፣ ሲያልቁ፣ ወደ አንዱ ደረጃ የሚያወጣው የ9ኛው ፎቅ በር ሠራተኞች ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ በሚል ተቈልፎ ነበር። በችሎት ከባለቤቶቹ አንዱ ሲጠየቅ የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ከ25 ዶላር እንደማይበልጥ መሰከረ፤ ሁለቱም ነጻ ወጡ። ከዚያ በፊት በ1903 ቺካጎ ውስጥ የኢሮኮይ ቲያትር ተቃጥሎ 602 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በዚያች ቀን ቲያትሩን ሊመለከት አስቦ ሳይሄድ የቀረው የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ካርል ፕሪንዝለር ከውጭ የተዘጋ ሆኖ ከውስጥ በደረት ሲገፋ ብቻ የሚከፈት አግዳሚ ዘንግ እንዲሠራ አነሣሥቶ፣ መሣሪያው በ1908 ለገበያ ቀርቧል። ሌሊት ሠራተኛ ወይም ዘበኛ በውስጥ የሚያድርበት መጋዘን ይህን ዓይነት በር ካላገኘ፣ ከውጭ በጓጉንቸር ባይዘጋበት ይሻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ቁልፎች የሚገዛም ሰው መብራት ሲጠፋ በሩ ይከፈታል ወይስ ተቈልፎ ይቀራል ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይክፈል፤ ሁለቱም ዓይነት በገበያ አለ፣ መብራትም በከተማችን መጥፋቱ አልቀረም።

የቀረው የአከራይና የተከራይ ነገር ነው። በሩ የአከራዩ ነው፣ ዕቃው የተከራዩ ነው፤ አከራዩ በማይጠፋበት ዕቃ ላይ ገንዘብ ለምን ላውጣ ይላል፣ ተከራዩም ነገ በምለቀው በር ላይ ለምን ላውጣ ይላል፤ በዚህ መካከል ካለፉት ተከራዮች ጋር የወጡት ቁልፎች በየሰዉ ኪስ እንደ ነበሩ ይኖራሉ። የኪራይ ውላችን ስለ ቅድሚያ ክፍያና ስለ ኪራይ ጭማሪ ብዙ አንቀጽ ሲኖረው ስለ ቁልፍ አንድ ቃል አይገኝበትም። እኔ የምመክረው፣ ተከራዩ በርክክብ ቀን ሲሊንደሩን ራሱ መርጦ ይለውጥና ደረሰኙ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ይታሰብለት፤ ከአዲሶቹ ቁልፎች አንዱ በፖስታ ታሽጎ፣ ሁለቱም በማሸጊያው ላይ ፈርመውበት፣ ለእሳትና ለውሃ አደጋ ብቻ በአከራዩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ውሉ ሲያበቃም ፖስታው ሳይከፈት መኖሩ ታይቶ ቀብዱ ይመለስ።