ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ዜጎች ከጉዞ በፊትና ከደረሱ በኋላ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በየዓመቱ በርካታ ኢትዮጵያውያን በቤት ውስጥ ሥራና በሌሎች ሙያዎች ለመሰማራት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ወደ ኳታር፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ሊባኖስ ይጓዛሉ። ሕጋዊውን መንገድ መከተል የሚጠቅመው ከአገር ለመውጣት ብቻ አይደለም። ደመወዝ ሲቋረጥ፣ ሕመም ሲያጋጥም ወይም በደል ሲደርስ መብትን ማስከበር የሚቻለው አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ውሉ ምን እንደሚል እና ኃላፊነቱን የወሰደው ኤጀንሲ የትኛው እንደሆነ በሰነድ ሲታወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ተጓዦችና ቤተሰቦቻቸው በየደረጃው ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራትን ያብራራል።

ከጉዞ በፊት

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ይህንኑ ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው። ለስምሪት የሚመዘገብ ዜጋ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል። ዕድሜን ወይም ስምን ለውጦ ፓስፖርት ማውጣት ጉዳቱ በምዝገባው ዕለት ላይታይ ይችላል። ሆኖም ሠራተኛው የመድን ካሳ ሲጠይቅ፣ ውክልና ሲሰጥ ወይም ውርስ ሲያጣራ ሰነዶቹ እርስ በርስ ስለማይጣጣሙ መብቱን ለማረጋገጥ ይቸገራል።

የወጪ ክፍፍሉም በሕግ የተወሰነ ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ የትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እና የመድን ወጪዎችን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ከሚሸፍናቸው ወጪዎች መካከል የፓስፖርት ማውጫ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ክፍያዎች ይገኙበታል። ኤጀንሲ ለምልመላ አገልግሎቱ ሠራተኛውን ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። በመሆኑም «ለቪዛ» ወይም «ለትኬት» በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሠራተኛው ሊከፍለው የማይገባውን ገንዘብ እየጠየቀ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መፈለግ ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጣል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የተመዘገበ የሥራ ውል አይኖረውም፤ የቪዛው ጊዜ ሲያበቃም ሕገ ወጥ ነዋሪ ሆኖ ስለሚቆጠር በደል ቢደርስበት እንኳ ለመክሰስ ይፈራል።

የሥራ ውሉን ማወቅ

ከመፈረም በፊት የአሠሪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ የደመወዙ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት፣ የሕክምና ሽፋን፣ የውሉ ዘመን እና የመመለሻ ሁኔታ በውሉ ውስጥ መስፈራቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ማንበብ ለማይችል ተጓዥ የሚያምነው ሰው ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብለት። ከደረሱ በኋላ ሌላ ውል እንዲፈርሙ የሚጠየቁ ሠራተኞች አሉ። ዝቅተኛ ደመወዝ ወይም የተለየ ሥራ የያዘ ሁለተኛ ውል ሲቀርብ ከመፈረም በፊት ለኤጀንሲው ወይም ለኢትዮጵያ ሚሲዮን ማሳወቅ ተገቢ ነው።

የውሉ፣ የፓስፖርቱና የቪዛው ቅጂ በሦስት ቦታ ቢቀመጥ ይመከራል፤ አንዱ በተጓዡ እጅ፣ ሁለተኛው በስልክ ላይ በፎቶ፣ ሦስተኛው በቤተሰብ ዘንድ። ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ ቤተሰብ አቤቱታ ሊያቀርብ የሚችለው በእጁ ባለው ቅጂ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

በተቀባይ አገር ሕጋዊ ነዋሪ የሚያሰኘው የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ኢቃማ የሚባለውን ይህን ፈቃድ ሠራተኛው ከገባ በ90 ቀናት ውስጥ የማውጣት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። ፈቃዱ መውጣቱንና የሚያበቃበትን ቀን ጠይቆ ማወቅ የሠራተኛው መብት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በኳታር አሠሪ ያለ ሠራተኛው ፈቃድ ፓስፖርቱን ይዞ ማቆየት አይፈቀድለትም።

ደመወዝ በየወሩ መከፈል አለበት። «ስትመለሺ አንድ ላይ ትቀበያለሽ» የሚለውን አካሄድ መቀበል ለከፋ ኪሳራ ይዳርጋል፤ የብዙ ወራት ደመወዝ በተጠራቀመ ቁጥር ማስረጃ ማቅረብም፣ ገንዘቡን ማስመለስም ይከብዳልና። ክፍያው በባንክ ቢሆን ይመረጣል፤ በእጅ ከተከፈለ ቀኑንና መጠኑን በማስታወሻ መመዝገብ ይገባል።

የአገሮች ሕግ ልዩነት

የቤት ሠራተኛ የሚያገኘው የሕግ ከለላ ከአገር አገር ይለያያል። በኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሠራተኛው ሲሰናበትም ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይከፈለዋል። ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ጀምሮ በዚያው አገር ዝቅተኛው ወርኃዊ ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በሕጉ መሠረት በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ስምንቱ ተከታታይ መሆን አለባቸው። በአንጻሩ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። በመሆኑም ወደዚያ ለሚሄድ ዜጋ በእጁ ያለው ውል ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

ችግር ሲያጋጥም

ከአሠሪ ቤት ያለ ማሳወቅ መውጣት ራሱን የቻለ መዘዝ አለው። አሠሪው «ሠራተኛዬ ጠፋብኝ» ብሎ ካመለከተ የመኖሪያ ፈቃዱ ዋጋ ሊያጣ፣ ሠራተኛውም ለእስርና ለመባረር ሊጋለጥ ይችላል። ስለሆነም የደመወዝ ወይም የሥራ ጫና ቅሬታ ሲኖር አስቀድሞ ለኤጀንሲው፣ ለሚሲዮኑ ወይም ለአገሩ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይመረጣል። ሕይወትን ወይም አካልን የሚያሰጋ ሁኔታ ሲፈጠር ግን ከሁሉ በፊት ከአደጋው መራቅና ፖሊስ መጥራት ያስፈልጋል። የፖሊስ ስልክ ቁጥር በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በኳታር 999፣ በዮርዳኖስ 911፣ በሊባኖስ 112 ነው።

በአዋጁ መሠረት ኤጀንሲውና አሠሪው ለውሉ መፈጸም በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ናቸው። ስለዚህ አሠሪው በውጭ አገር ቢሆንም ኤጀንሲውን በኢትዮጵያ መጠየቅ ይቻላል።

ገንዘብ፣ ንብረትና ልጆች

ገንዘብ በባንክ ወይም በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ ሲላክ ደረሰኙ ለላኪው ማስረጃ ይሆናል። ንብረቱን በአገር ውስጥ የሚያስተዳድርለት ሰው የሚሾም ዜጋ የውክልናውን ወሰን በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል። ተወካዩ ኪራይ እንዲሰበስብ ብቻ ከተፈለገ የመሸጥ ሥልጣን መስጠት አያስፈልግም። ውክልና ከጉዞ በፊት ካልተሰጠ በኢትዮጵያ ሚሲዮን በኩል መስጠት፣ የተሰጠውንም መሻር ይቻላል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ሆኖም በውጭ አገር የተወለደ ልጅ ያለ ማስረጃ ካደገ ለጉዞም ሆነ ለትምህርት ይቸገራል። ስለዚህ ወላጆች ልደቱን በአቅራቢያቸው በሚገኝ የኢትዮጵያ ሚሲዮን ሳይዘገዩ ሊያስመዘግቡ ይገባል።

ዜጎች በሚኖሩበት አገር የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አድራሻና ስልክ ከመነሳታቸው በፊት መዝግበው እንዲይዙ፣ ለቤተሰባቸውም እንዲሰጡ ይመከራሉ።