ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ይረጫል?

የደም ግፊት መለኪያ ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ ምን ያህል እንደሚገፋ እንጂ ልብ ምን ያህል ደም እንደሚረጭ አይናገርም። ልዩነቱ ሕይወት ያስከፍላል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ቧንቧዎቹ ስለሚጠቡ ግፊቱ ለጊዜው ደህና ይመስላል፤ ኩላሊቱና አንጀቱ ግን ተርበዋል። የጤናማ ጎልማሳ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይረጫል። ይህን ለመለካት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪሞች የተማመኑት በደም መልስ ገብቶ፣ በቀኝ ልብ አልፎ ሳንባ ደም ቅዳ ድረስ በሚዘልቅ ካቴተር ነው። ኢንፌክሽን፣ መድማትና የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። አልትራሳውንድ ያንኑ መጠን ቆዳ ሳይበሳ ይገምታል፤ በእኔ እምነት ግን ዋናው ጥቅሙ መጠኑን ከመናገሩ ይልቅ ለውጡን ማሳየቱ ነው።

አሠራሩ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ያርፋል፦ ከሚንቀሳቀስ ነገር የሚመጣ ሞገድ ድግግሞሹ ይለወጣል። ከግራ ጡት በታች የተቀመጠው መሣሪያ ከቀይ የደም ሴሎች ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ ተቀብሎ የደሙን ፍጥነት ያሰላል፤ ከፍጥነቱም ደሙ በአንድ ምት የተጓዘው ርቀት ይገኛል። ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የልብ መውጫው ስፋት ደግሞ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በምት 63 ሚሊ ሊትር ግድም ይረጫል፤ በደቂቃ 75 ጊዜ ለሚመታ ልብ 4.7 ሊትር ማለት ነው። የዘዴው ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ትክክለኛ ነጥብ ያነሣሉ። የመውጫው ዲያሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ 1.8 ተብሎ ቢለካ፣ ውጤቱ በ19 በመቶ ያንሳል። ሆኖም የአንድ ሕመምተኛ መውጫ ከጠዋት እስከ ማታ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ርቀቱን ብቻ ደጋግሞ መለካት ስሕተቱን ከስሌቱ ያወጣዋል። ለምሳሌ የሕመምተኛው እግሮች ከፍ ሲደረጉ በእግሩ የነበረው ደም ወደ ልብ ይመለሳል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከጨመረ ልቡ በግሉኮስ ቧንቧ የሚሰጠውን ፈሳሽ ይጠቀምበታል፤ ካልጨመረ ተጨማሪው ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እግሮቹ ሲወርዱ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ ለሙከራው ጠብታ መድኃኒት አልገባም።

ልኬቱ በባለሙያው እጅ ላይ ይመሠረታል የሚለውም እውነት ነው። ጨረሩ ከደሙ አቅጣጫ ካዘነበለ ፍጥነቱ አንሶ ይታያል፤ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ የበርካታ ምቶች አማካይ መወሰድ አለበት፤ የመውጫው ቫልቭ የሚያፈስ ከሆነም ተመልሶ የሚገባው ደም አብሮ ይቆጠራል። ካቴተሩም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ለመለኪያነት ቀዝቃዛ ፈሳሽ በእሱ ተደጋግሞ የሚገባው ልኬቶቹ ስለሚለያዩ ነው። በብሪታንያ በ2005 የታተመ፣ ከ1,000 በላይ ጽኑ ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ደግሞ ካቴተሩ በገባላቸውና ባልገባላቸው መካከል የሞት ልዩነት አላገኘም። ለአልትራሳውንድም መስፈርቱ ይኸው ሊሆን ይገባል፦ ርቀቱን ያየ ሐኪም ፈሳሹን ጨመረ፣ አቆመ ወይስ ምንም አልለወጠም?