ለፈረስ የተሠራ አደባባይ፦ የእንግሊዝ ባላባቶች የጋጥ ግቢዎች

በ18ኛው መቶ ዘመን አንድ የእንግሊዝ ባላባት ገጠር ባለው ርስቱ ላይ ሲገነባ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሐሳብ የሚያፈስበት ሕንፃ የፈረሶቹ ማደሪያ ነበር። ያለ ፈረስ አደን የለም፤ ጉብኝት የለም፤ ለፓርላማ ስብሰባ ለንደን መድረስም አይታሰብም። ደህና ድንጉላ ወይም ደህና ባዝራ ያለው ሰው ለእንግዳው ሳያሳይ አያድርም። ስለዚህ ጋጡ ሁለት ጌታ ነበረው፤ ፈረሱ ጤናው የሚጠበቅበት ቤት ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ደግሞ የሚታይለት ቤት ይፈልጋል። የእነዚህ ግቢዎች የሕንፃ ጥበብ የተወለደው ከሁለቱ ፍላጎት ነው።

ቅርጹ አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላል። አራት ክንፎች አንድ ክፍት አደባባይ ይከባሉ፤ ፊት ለፊት ሰረገላ የሚያሳልፍ ባለቅስት በር አለ፤ ከበሩ በላይ የሰዓት ማማ ይቆማል። ሰዓቱ ለጌጥ ብቻ አልተሰቀለም። የባልደራሱ ሠራተኞች ፈረስ የሚያበሉት፣ የሚያጠጡት፣ ሰረገላ የሚጠምዱት በደወሉ ነው። ግቢው ከዋናው ቤት ፈቀቅ ይላል፤ ሽታውና የእሳት አደጋው እንዲርቅ፣ ሰረገላው ግን ሲፈለግ ቶሎ እንዲደርስ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ውስጥ ነው። ለአንድ ፈረስ የሚሰጠው ስፍራ ወርዱ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ግራና ቀኙ በሳንቃ የተከፈለ ነው፤ ፈረሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከግርግሙ ይበላል። መስኮቶቹ ከፍ ተደርገው የሚሠሩት ብርሃኑ ዓይኑ ላይ እንዳይወድቅ፣ ነፋሱም ገላውን እንዳይመታው ነው። ወለሉ ወደ ኋላ ዘቅዘቅ ስለሚል ሽንቱ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በላይኛው ቆጥ ድርቆሽ ይከማቻል፤ ጠዋት ማታ ጠባቂው በቀዳዳው ቁልቁል ይሰደዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ድካም ቢያስቀርም ጉዳት ነበረው፤ ከታች የሚነሣው ትነት ድርቆሹን ያበላሸዋል፣ ከላይ የሚወርደው ብናኝ ደግሞ የፈረሱን ሳንባ ይጎዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፉ ሰዎች አጥብቀው ነቅፈውታል። የኮርቻና የልጓም ክፍሉ የእሳት ማንደጃ አይለየውም፤ በእንግሊዝ እርጥበት ቆዳ ያለ ሙቀት ይሻግታልና። ጠባቂዎቹ የሚያድሩት እዚያው ከፈረሶቹ በላይ ነበር።

ከጥንቶቹ መካከል በደርቢሻየር ያለው የቦልሶቨር ግንብ ተለይቶ ይታያል። የርስቱ ጌታ ዊልያም ካቨንዲሽ ፈረስ መግራትን እንደ ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ነበር፤ በስደት አንትወርፕ ሳለ ስለዚሁ ጥበብ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በ1658 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳትሟል። በ1630ዎቹ ያሠራው የመጋለቢያ አዳራሽ ግዙፍ የእንጨት ጣሪያ ያለው ነው፤ ተመልካቾች ፈረሱ ሲሠለጥን የሚያዩበት ሰገነትም አለው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሮጀር ሞሪስ በኖርዝሃምፕተንሻየር፣ በስፔንሰር ቤተሰብ የአልቶርፕ ርስት ላይ የገነባው ጋጥ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ድንጋዩ ቡናማ ነው። ጣሪያው ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከፊቱ የቆሙት ወፍራም ዓምዶች ኢኒጎ ጆንስ ለንደን ኮቨንት ጋርደን ላይ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳሉ። ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክብሩን ያገኘው ከመጠኑና ከጥላው ነው። ልዕልት ዲያና በዚህ ርስት ከተቀበረች በኋላ በ1998 የመታሰቢያዋ ዐውደ ርእይ የተከፈተው በዚሁ ጋጥ ውስጥ ነበር።

የቻትስወርዝ ርስት ጋጥ ሌላ ዓይነት ነው። ጄምስ ፔይን ለአራተኛው የዴቮንሻየር መስፍን በ1760 አካባቢ የሠራው ግቢ እያንዳንዱ ጎኑ 58 ሜትር ገደማ ሲሆን 80 ፈረስ ይይዝ ነበር። በበሩ ላይ የቤተሰቡ አርማ በትልቁ ተቀርጿል፤ በአርማው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት አጋዘኖች ገላቸው ድንጋይ ሆኖ ቀንዳቸው ግን እውነተኛ የአጋዘን ቀንድ ነው። ጠራቢው ድንጋዩን ብቻ አላመነውም።

በዮርክሻየሩ ዌንትወርዝ ዉድሃውስ ጆን ካር ለሮኪንግሃም ማርኪስ 84 ፈረስ የሚያድርበት ግቢ ከ1766 ጀምሮ ገንብቷል። ጆርጅ ስታብስ ዊስልጃኬት የተባለውን ፈረስ በሙሉ ቁመቱ የሣለው ለዚሁ ሰው ነው። ካር በበክስተን ከተማ ለአምስተኛው የዴቮንሻየር መስፍን የሠራው ደግሞ ከተለመደው ቅርጽ ይወጣል፤ ውጩ ስምንት ማዕዘን፣ የውስጥ አደባባዩ ክብ ነው። ሕንፃው በ19ኛው መቶ ዘመን ሆስፒታል ሆነ፤ በ1881 ክፍቱ አደባባይ 44 ሜትር ስፋት ባለው ጉልላት ተከደነ። በኋላም የደርቢ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆነ።

በቪክቶሪያ ዘመን ጥበቡ ወደ ፋብሪካ ገባ። የቤልፋስቱ መስግሬቭ ድርጅት የጋጥ መክፈያዎችን፣ ግርግሞችንና የቦይ ክዳኖችን ከብረት እያቀለጠ ይሸጥ ነበር፤ ፈረሱ ሳይታሰር የሚዞርበት ሰፊ ክፍልም እየተለመደ መጣ። ከዚያ አውቶሞቢል መጣ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሠራዊቱ ፈረሶቹን ወሰደ፤ ከጦርነቱ በኋላም ብዙ ርስቶች ባለጋራዥ ሆኑ እንጂ ባለጋጥ አልሆኑም። ቻትስወርዝን የመጨረሻዎቹ ፈረሶች የለቀቁት በ1939 ነው።

ዛሬ ከእነዚህ ግቢዎች አብዛኞቹ የቆሙት ሌላ ሥራ ስላገኙ ነው። የቻትስወርዙ ምግብ ቤትና ሱቅ ሆኗል፤ የዌንትወርዙ ለረጅም ጊዜ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ይህን አልቃወምም፤ ባዶ የቀረ ሕንፃ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ይሄዳል። የሚያሳዝነኝ ግን ፊቱን ለማዳን ሲባል ሆዱ የሚወጣው ነገር ነው። ዓምዱና የሰዓቱ ማማ በጥንቃቄ ይጠገናሉ፤ መክፈያው፣ ግርግሙ፣ ፈረስ ያኘከው ሳንቃ፣ ጎድጎድ ያለው የጡብ ወለል ግን ለጠረጴዛ ቦታ ሲባል ይነቀላሉ። እነዚህ ከሌሉ ሕንፃው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚነግር ነገር አይቀርም፤ የመስኮቱ ከፍታ እንኳ ትርጉም ያጣል። ጋጥ ወደ ሌላ ሥራ የሚለውጥ ባለቤትም ሆነ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ ቢያንስ አንዱን ረድፍ ከነግርግሙና ከነቦዩ እንዳለ ይተወው።