ያውቁ ኖሯል? የወባ ትንኝ በጓሮ በርሜልም ትራባለች

ወባ ክረምትንና ረግረግን ተከትሎ የሚመጣ የገጠር በሽታ ነው የሚለው እምነት ድሬዳዋ ላይ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው በደረቅ ወቅት፣ በከተማዋ ከ2,400 በላይ ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገቡት 205 ነበሩ። የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ሲያጣሩ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከተባለች ትንኝ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኙት። መነሻዋ እስያ የሆነችው ይህች ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ለመራባት ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ የውኃ ታንከርና ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ በከተማ የወባ መከላከል ሥራ ከጓሮ ይጀምራል።

«ውኃ በፈረቃ እየመጣ እንዴት አናጠራቅም?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ችግሩ ግን ክፍት መተዉ እንጂ ማጠራቀሙ አይደለም። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በየሳምንቱ ዕቃውን ባዶ አድርጎ ውስጡን መፈተግና ገጥሞ መክደን ዑደቱን ይቆርጣል። «ታዲያ አጎበር ምን ይሠራል?» ለሚል ደግሞ፣ ትንኟ ሰው ሳይተኛ በምሽትም ስለምትናከስ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ በእንቅልፍ ሰዓት ግን አሁንም ይከላከላል። ትኩሳት ከተሰማዎት ወቅቱ በጋ ነው ብለው ሳይዘናጉ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።