ስለ ብረት ቢስክሌት አበጃጀትና አያያዝ

በቅሎ ያለው ሰው በቅሎው ገብስ እንድትበላ፥ ውሃም እንድትጠጣ፥ ጀርባዋም እንዳይቆስል ይጠነቀቃል። ቢስክሌት ግን ገብስ ስለማይጠይቅ ጥበቃ የማያስፈልገው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ርቆ የሚኖር አስተማሪ ብዙ ወር ቆጥቦ የገዛው ቢስክሌት በሁለት ክረምት ዝጎ ከጓሮው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ ባለቤቱም እንደ ቀድሞው በእግሩ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ቢስክሌቱ ርካሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ለባለቤቱ ሳይስተካከልና ሳይጠበቅ በመቅረቱ ነው።

ቢስክሌት የዛሬውን መልክ መያዝ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ጆን ስታርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በኮቨንትሪ ከተማ በሰንሰለት የሚነዳውን በሠራ ጊዜ ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ በቤልፋስት አወጣ። ከዚያ ወዲህ የቢስክሌት አካል ከአልሙኒየምና ከሌላም ቀላል ነገር ይሠራል፤ ነገር ግን ለገጠር ሰው ብረት ይሻላል። ብረት ጥቂት ቢጎብጥ ይቃናል፥ ቢሰነጠቅም በአቅራቢያው ከተማ ያለ በያጅ ሊበይደው ይችላል። አልሙኒየም ግን ልዩ መሣሪያና ልዩ ሙያ ይፈልጋል።

ቢስክሌት የገዛ ሰው አስቀድሞ ኮርቻውን በቁመቱ ልክ ያስተካክል። በኮርቻው ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ይበል። በኋላ በፊተኛው የእግሩ ክፍል ሲረግጥ ጉልበቱ ጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩም ይህ ነው። ኮርቻው እጅግ ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል፥ ኃይልም በከንቱ ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር ጥርስ ያለው መንኮራኩር ነው። የፊተኛው 48 ጥርስ፥ የኋለኛው 16 ጥርስ ቢኖረው፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የ28 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቢስክሌቱ 6.6 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ይህ እንደ ባሕር ዳር ላለ ሜዳማ አገር ይስማማል፤ ዳገት በበዛበት በደጋ ግን ያደክማል። የኋላው በ20 ጥርስ ቢለወጥ መንገዱ ወደ 5.3 ሜትር ያጥራል፥ ዳገቱም ይቀላል። በትንሽ ገንዘብ ከሚደረገው ማሻሻል ሁሉ ይህ እጅግ ይጠቅማል። አስተማሪውም ጥርሶቹን አስቆጥሮ የማካፈልን ትምህርት ለልጆቹ ሊያሳይበት ይችላል።

ጎማ ሲገዛ በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። 635 እና 622 የሚል ቁጥር ያላቸው ሁለቱም ባለ 28 ይባላሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ጎማ ለሌላው ቸርኬ አይሆንም። ጭነትም ከኋላ ዝቅ ብሎ ጠብቆ ይታሰር እንጂ በመሪው ላይ አይንጠልጠል፤ መሪውን ያወላግደዋልና።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ በጨርቅ ተጠርጎ ጥቂት የሞተር ዘይት ይቀባ፤ የተረፈውም ዘይት ይወልወል፥ አቧራ ይስባልና። የኑግ ዘይት ግን አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሰንሰለቱ ማለቁ የሚታወቀው በትምህርት ቤት ማስመሪያ ነው፤ ከአንዱ ችንካር መካከል ተነሥቶ 22 መጋጠሚያ ቢለካ አዲሱ 27.9 ሳንቲሜትር ይሆናል። 28.2 ከደረሰ ይለወጥ፤ አለዚያ በዋጋ የሚበልጠውን ጥርስ ይበላዋል። የኮርቻው ዘንግም ግራሶ ተቀብቶ ይግባ፥ አለዚያ በዝገት ተጣብቆ አልወጣም ይላል።

የቀኙ ፔዳል ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የግራውን ሊፈታ ሲታገል ይብሱን ያጠብቀዋል።

ከሁሉ በላይ የፍሬን ነገር ይታሰብ። የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ ፍሬኑ የመያዝ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ በክረምት ቁልቁለት ሳይጀመር ፍሬኑን ቀስ አድርጎ በመያዝ ውሃውን መጥረግ፥ ለማቆምም ከሩቅ መጀመር ያስፈልጋል። ይህን መርሳት ሕይወት ያስከፍላል።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ለልጃቸው ቢስክሌት ሲገዙ፥ ገንዘቡን ሁሉ ለቢስክሌቱ ከመስጠት ጥቂቱን ለመፍቻ፥ ለመንፊያና ለካላማዳሪ መለጠፊያ ያስቀሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት የተሰጠው ርካሽ ቢስክሌት ያለ ጥበቃ ከተጣለው ውድ ቢስክሌት ብዙ ዘመን ይበልጣል።