ለዓይንም ለማዕድም የሚሆን ጓሮ

በካምፓላዋ ማኪንድዬ ክፍለ ከተማ ዓመቱ ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው ጓሮ ለማልማት ይመቻል፤ ለምግብ የሚሆነው ተክልም ግቢን ያስውባል። ፓሽን ፍሩት አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ ነጭና ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ፍሬውም ለጭማቂ ይሆናል። ዩጋንዳውያን «ዶዶ» የሚሉት አሉማ ቀይ ቅጠል ያለው ዓይነት አለው፤ ናካቲ ከሚባለው አረንጓዴ የጎመን ዓይነት ቅጠል ጎን ሲዘራ መደቡን ያደምቀዋል።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ካባላጋላም እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በአካባቢው ላለ የሐበሻ ጓዳ ደግሞ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ተመራጭ ናቸው። የጥብስ ቅጠል ሲከረከም የሚያምር አጥር ይሆናል፤ ሰማያዊ አበባውም ንብ ይስባል። ይሁን እንጂ ውኃ የሚቋጥር አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መተከል አለበት። በሶብላ ቅጠሉ እንዲበዛ ጫፉ ይቀነጠባል፤ ለሽሮና ለበርበሬ የሚፈለግ ከሆነ ግን አበባው ሳይነካ ቆይቶ ይደርቃል።