ግዳይ አምጪ ውሻና የርብራብ ዝላይ፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተጀመረውን «ዶክ ጃምፒንግ» የተባለ የውሾች ውድድር ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «የወደብ ዝላይ» ለማለት ይዳዳው ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ስፖርት «ዶክ» የሚባለው የመርከብ ወደብ ሳይሆን 12 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከውሃው በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የሳንቃ ርብራብ ነው። ስለዚህ «የርብራብ ዝላይ» ማለት ይስማማል። «ጠለቀ» ከሚለው ግሥ የሚወጣ ስም ግን አይገባም፤ የሚለካው ርቀት እንጂ ጥልቀት አይደለምና። በዶክዶግስ ማኅበር ደንብ ርቀቱ የሚለካው ከርብራቡ ጠርዝ አንሥቶ የውሻው የጅራት ሥር ውሃውን እስከ ነካበት ድረስ ነው።

«ሪትሪቨር»ም በደፈናው «አዳኝ ውሻ» መባል የለበትም። ተግባሩ አውሬ አሳዶ መያዝ ሳይሆን አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ወፍ በጥርሱ ሳይጎዳ ማምጣት ነው፤ ይኸውም «ግዳይ አምጪ ውሻ» በሚለው ይገለጻል።

ይህ ውሻ ሳይታዘዝ እንዳይነሣ ሆኖ ይሠለጥናል። በዝላዩ ግን ሁለት ስልቶች አሉ። መጫወቻው አስቀድሞ ውሃ ላይ ተጥሎ ውሻው በትእዛዝ ሲለቀቅ «አቁሞ መልቀቅ»፣ እየሮጠ ሳለ መጫወቻው ከፊቱ ሲወረወር ደግሞ «አስከትሎ መወርወር» ልንል እንችላለን። ለአደን ሥልጠና የሚቀርበው የፊተኛው ነው። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠቀልላቸው ግን ባለ ውሻው ሳያውቅ የዓመታት ሥልጠናውን ሊያበላሽ ይችላል።